ሃን ነው ቀድሞ የተኮሰው

ለማያውቅ ሰው «ማን ነው ቀድሞ የተኮሰው?» የሚለው ጭቅጭቅ እብደት ሊመስል ይችላል። በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ላይ አንድ ትዕይንት አለ (ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ሃን ሶሎ የተባለው ኮንትሮባንዲስት ጨለም ባለ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ግሪዶ የሚባል አረንጓዴ ፍጡር ሽጉጥ ደግኖበታል። ዕዳ ሊያስከፍለው፣ እንቢ ካለም ሊገድለው ነው የመጣው። ሃን ወሬውን እያስረዘመ በጠረጴዛው ስር ሽጉጡን ቀስ ብሎ ያወጣል። ጧ! ግሪዶ ጠረጴዛው ላይ ድፍት። ሃን ተነስቶ ለባለ መጠጥ ቤቱ ሳንቲም ወርውሮለት ይወጣል።

በ1997 ፊልሙ ታድሶ ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚተኩሰው ግሪዶ ሆነ። ያውም ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ሰው ስቶ! በ2004ቱ ዲቪዲ ላይ ደግሞ ሁለቱ እኩል በሚባል ቅጽበት ይተኩሳሉ። በ2019 በኢንተርኔት ፊልም በሚያሳየው ዲዝኒ ፕላስ ላይ ሲወጣ ግሪዶ ከመተኮሱ በፊት «ማክለንኪ» የምትል ነገር ጣል ያደርጋል። እስከ ዛሬ «ሃን ነው ቀድሞ የተኮሰው» የሚል ቲሸርት ለብሰው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ቲሸርቱ የለኝም እንጂ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ።

ነገሩ የሁለት ሰከንድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሃን ፊልሙ ሲጀምር ለራሱ ብቻ የሚኖር ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ይዞ መጥፋት ሲችል ጓደኞቹን ሊያድን ይመለሳል። መመለሱ ልብ የሚያሞቀው መጀመሪያ ላይ ያን ያህል ጨካኝ ስለነበረ ነው። ገና ከጅምሩ ራሱን ለመከላከል ብቻ የሚተኩስ ጨዋ ካደረጉት፣ መመለሱ ምን ይገርማል?

ግሪዶ ደግሞ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ድሮ ተቆርጦ የተጣለ የወንበዴዎቹ አለቃ የጃባ ትዕይንት በ1997 በኮምፒውተር ስዕል ተሞልቶ ተመለሰ። በ2004 በሦስተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ በመንፈስ የሚታየው የተዋናዩ የሴባስቲያን ሾው ፊት ወጥቶ በወጣቱ ሄይደን ክሪስተንሰን ተተካ። በ2011 ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ዲስክ) ላይ ደግሞ ንጉሡን አንስቶ ሲወረውር ዝም ይል የነበረው ጭንብለኛው ዳርዝ ቬደር «አይሆንም!» ብሎ እንዲጮህ ተደረገ። ያ ዝምታ ለኔ የፊልሙ ትልቁ ትወና ነበር። ጭንብል የለበሰ ሰው፣ አንድም ቃል ሳይናገር ሐሳቡን ሲቀይር እናየዋለን። አሁን ምን እንዳሰበ ራሱ ይነግረናል።

«ፊልሙ የፈጣሪው የጆርጅ ሉካስ ነው፣ እንዳሻው ያድርገው» የሚሉ አሉ። እስማማለሁ። ያድርገው። አንድ ሰው የራሱን ስራ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሲያየው ማስተካከል ቢፈልግ ተፈጥሯዊ ነው። አድናቂውን ያስቆጣው መለወጡ አይደለም፤ የድሮው መወሰዱ ነው።

በ1995 ሦስቱ ፊልሞች በቪኤችኤስ ሲወጡ ማስታወቂያው «ኦሪጅናሉን ለመጨረሻ ጊዜ» የሚል ነበር። ያኔ የማሻሻጫ ወሬ ነው ተብሎ ታለፈ። በኋላ ግን ከሞላ ጎደል እውነት ሆኖ ተገኘ። በ2006 ኦሪጅናሎቹ በዲቪዲ ተጨማሪ ዲስክ ሆነው ብቅ አሉ። የተገለበጡት ግን በ1993 ለሌዘር ዲስክ ከተዘጋጀው ማስተር (ዋና ቅጂ) ነበር። ለሰፊ ስክሪን እንኳ አልተዘጋጁም። በዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ ስዕሉ በአራቱም በኩል በጥቁር ተከቦ መሃል ላይ ኩርምት ብሎ ይታያል። ከ2011ዱ የብሉሬይ ስብስብም ሆነ ከ2020ው የ4ኬ (ከብሉሬይም የጠራ ዲስክ) ሳጥን ውስጥ ኦሪጅናሎቹ የሉም። ሉካስ በ2004 ለጋዜጠኛ ሲናገር የድሮው ፊልም ለሱ ከእንግዲህ እንደሌለ፣ ሰዉ ግማሽ ያለቀ ፊልም አይቶ መውደዱ እንደሚያሳዝነው ገልጾ ነበር። እኛ የወደድነው «ግማሹን» ነዋ!

የሚያስቀው ይሄ ነው። ያው ሰውዬ በመጋቢት 1988 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ምስክርነት ሰጥቷል። ጊዜው ባለ ሀብቶች የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒውተር ቀለም እየቀቡ የሚሸጡበት ነበር። ሉካስ የጥበብ ስራን ለትርፍ ወይም ጉልበትን ለማሳየት የሚለውጡ ሰዎች አረመኔዎች ናቸው አለ። ነገ ቴክኖሎጂው ሲራቀቅ የተዋናዮችን ፊት በአዲስ ፊት መተካት ይቻላል ብሎም አስጠነቀቀ። ሴባስቲያን ሾውን አስታወሳችሁ? በርግጥ ለሉካስ ፍትሐዊ መሆን ካስፈለገ፣ ያኔ የተሟገተው ፈጣሪው ሳይፈቅድ ስለሚደረግ ለውጥ ነው። እዚህ ለዋጩ ራሱ ፈጣሪው ነው። ግን በዚያው ንግግር ላይ የጥበብ ስራ የሕዝብ ቅርስ ነው ያለውም እሱ ነው። ቅርስ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

አድናቂዎቹ ዝም ብለው አላለቀሱም። በቼክ ሪፐብሊክ የሚኖር አንድ አድናቂ ከብሉሬይ፣ ከድሮ ዲቪዲና ከፊልም ኮፒ እየቆራረጠ፣ የተጨመረውን እያወጣ፣ የ1977ቱን መልሶ ገነባው። ሌሎች ደግሞ ከሲኒማ ቤት የተረፉ የ35 ሚሊ ሜትር ኮፒዎችን አሰባስበው፣ ፍሬም በፍሬም ስካን አድርገው፣ ጭረቱን ጠርገው «4ኬ77» ብለው ሰየሙት። ሕጋዊ አይደለም። ለሽያጭም አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰዓት በነጻ ያፈሰሱበት ስራ ነው፤ ዲዝኒ በቢሊዮን ዶላር የገዛው የሉካስ ኩባንያ ሊሰራው ሲችል ለዓመታት ያልሰራው። በሰኔ 2025 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከ1977 የተረፈ አንድ ኮፒ ለንደን ላይ ሲያሳይ ዜና መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ፊልሙ እኮ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ካያቸው ፊልሞች አንዱ ነው!

ሌላው ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግም በዚህ መንገድ ትንሽ ተጉዞ ነበር። በ2002 «ኢ.ቲ.» የተባለው ፊልሙ ሃያ ዓመት ሲሞላው ልጆቹን የሚያሳድዱት ፖሊሶች የያዙት ጠመንጃ በኮምፒውተር ተፍቆ በሬዲዮ መገናኛ ተተካ። ሰው ሳቀበት። ስፒልበርግ ቆይቶ ተጸጸተ፤ በ2012 ብሉሬዩ ሲወጣ የ1982ቱ ብቻ ገባ። በ2023ም ያን ማድረግ እንዳልነበረበት በግልጽ ተናግሯል። ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ቲሸርትም አልታተመም።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ወደሚያስገርመኝ ፊልም ልሂድ።

«ብሌድ ረነር» በ1982 ሲወጣ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የፈለገው ፊልም አልነበረም። ስቱዲዮው የሙከራ ተመልካች ግራ ገባው ብሎ የዋናውን ተዋናይ የሃሪሰን ፎርድን ትረካ አስጨመረ። መጨረሻው ይጨልማል ተብሎ ደግሞ ፍቅረኞቹ በተራራ መሃል በመኪና ሲሄዱ የሚያሳይ ትዕይንት ተቀጠለ። ከአየር ላይ የተነሳው የተራራው ምስል ስታንሊ ኩብሪክ ለሌላ የራሱ ፊልም ቀርጾ ከተረፈው የተለቀመ ነው። ፊልሙ በገንዘብ በኩል አልሆነለትም። በ1990 ሎስ አንጀለስ ያለ አንድ ሲኒማ ቤት የተለመደውን ኮፒ መስሎት ያላለቀውን የስራ ኮፒ አሳየ። ትረካ የለም ማለት ይቻላል፣ የተራራ መንገድም የለ። ተመልካቹ አበደ። ወሬው ተሰማ፣ ሰልፉ ረዘመ። ስቱዲዮው ነቃና በ1992 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» የተባለውን አወጣ። እሱም በችኮላ የተሰራ ስለነበር ስኮትን ሙሉ በሙሉ አላረካውም። በ2007 «የመጨረሻው ቅጂ» መጣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ2007ቱ ቅጂ ስኮት ያደረገው ሉካስ ካደረገው ብዙም አይርቅም። ዞራ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ መስታወት እየሰበረች ስትሮጥ በድሮው ፊልም ላይ የምትሮጠው ተዋናይቷ ሳትሆን አደገኛውን የምትሰራላት ተተኪዋ መሆኗ፣ ዊጓም ጭምር፣ በግልጽ ይታይ ነበር። ተዋናይቷን ጆአና ካሲዲን ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ጠርተው ቀረጿትና ፊቷን በተተኪዋ ላይ አስቀመጡት። ሌላ ትዕይንት ላይ የሃሪሰን ፎርድ አፍ ከንግግሩ ጋር አልገጥም ብሎ ነበር። ልጁን ቤንን አምጥተው የሱን አፍ ቀርጸው ገጠሙት! መጨረሻ ላይ ርግቧ የምትበርበት ሰማይ ደግሞ ከቀን ወደ ማታ ተለወጠ።

ፊት መቀየር። አፍ መቀየር። ሰማይ መቀየር። ማን ተቆጣ? ማንም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ አደላ ብሎ ያጉረመርማል፤ እኔም አልፎ አልፎ እንደዚያ ይሰማኛል። ግን ያ ሁሉ ቁጣ የለም። ምክንያቱም በዚያው ዓመት የወጣው ባለ አምስት ዲስክ ስብስብ ውስጥ አምስቱም ቅጂዎች አሉ። ያላለቀው የስራ ኮፒ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1982 የታየው፣ ለውጭ አገር የተላከው፣ የ1992ቱ፣ የ2007ቱ። ትረካውን የሚወድ ሰው ትረካውን ያያል። አትሳቁ፣ የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያ የተዋወቁት በሱ ነው። ስኮት «የኔ ይሄ ነው» አለ፤ ሌሎቹን ግን ከእጃችን አልነጠቀም።

ለኔ የጥሩ ዳግም ዕትም መለኪያ ከዚህ አያልፍም። ምን ጨመርክ ሳይሆን፣ የነበረውን የት አደረስከው?

ለውጡ ራሱ ፊልሙን ወደ ጥንቱ የሚመልስበት ጊዜም አለ። በ1953ቱ «የዓለማት ጦርነት» ላይ የማርስ መንኮራኩሮች በሽቦ ተንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። በዲቪዲ ዘመን ሽቦዎቹ ፍንትው ብለው ይታዩ ስለነበር ልጆች ይስቁባቸው ነበር። ግን በ1953 ሲኒማ ቤት የነበረው ሰው እንደዚያ አላያቸውም። ያኔ ፊልሙ የሚታተመው ቴክኒከለር በተባለ፣ ቀለሙን ወደ ኮፒው በሚያዛውር ዘዴ ነበር፤ ኮፒው ለስለስ ይልና ሽቦውን ይውጠዋል። ኋላ የመጡት ኮፒዎች ናቸው ያጋለጡት። በ2018 በተደረገው የ4ኬ እድሳት ሽቦዎቹ ተጠርገው ወጡ። በመርህ ደረጃ ምንም እንዳይነካ የሚል ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል። እኔ አልቸገርም። የጥንቱ ተመልካች ያላየውን ሽቦ ማሳየት ለጥንቱ ታማኝነት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዛሬ አድናቂውን ለሁለት የከፈለው ሌላ ነገር ነው። ግሬን።

ሴሉሎይድ ፊልም ላይ ምስሉን የሚሰሩት ብርሃን የሚያያቸው ጥቃቅን የብር ክሪስታሎች ናቸው። ጨለማ ውስጥ ለመቅረጽ ብርሃን በቶሎ የሚይዝ ጥሬ ፊልም ያስፈልጋል፤ የዚህ ዓይነቱ ክሪስታል ተለቅ ተለቅ ያለ ነው። ስለዚህ ምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ነገር ይታያል። በየፍሬሙ ቦታው ይለያያል፣ በሰከንድ ሃያ አራት ጊዜ። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ቆሻሻ አይደለም፣ ምስሉ ራሱ ነው። የቆዳው ቀዳዳ፣ የጸጉሩ ዘለላ፣ የሸሚዙ ክር የተሰራው ከዚያው ከሚርመሰመሰው ነው። በሶፍትዌር አጥባችሁ ስታወጡት ቀዳዳውም፣ ዘለላውም፣ ክሩም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ሰም የተቀባ ፊት ነው።

በ2010 የወጣው የ«ፕሬዴተር» ብሉሬይ የዚህ ዝነኛ ምሳሌ ነው። አርኖልድ ጫካ ውስጥ በላብና በጭቃ ተነክሮ ፊቱ ግን ከፋብሪካ የወጣ አሻንጉሊት ይመስላል። በ2017 የወጣው የ«ተርሚኔተር 2» 4ኬ ዲስክም ያው ጣጣ ገጠመው።

ስለ አርኖልድ ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ያደግን ሰዎች ይሄን ፊልም ያየነው ከካሴት በተገለበጠ ካሴት ነው። ያም ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ነው። ቀለሙ ወደ ቀይ ሄዷል፣ ድምጹ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች በኩል መስመር ይረብሻል። መስመሩ ሲበዛ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ፊልሙን አቁሞ የዴኩን ሄድ በአልኮል ይጠርጋል፤ እኛ እናጉረመርማለን። ስለዚህ «ኦሪጅናሉን መልሱ» ስል አንዳንዴ ራሴን እታዘበዋለሁ። የቱን ኦሪጅናል? እኔ መጀመሪያ ያየሁትን ከሆነ ማንም እንዲመልሰው አልፈልግም። ግን ያ የተበላሸ ካሴት አንድም ጊዜ የአርኖልድን ፊት ሰም አላስመሰለውም። መረጃው ጠፍቶ ነበር እንጂ በሐሰት አልተተካም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የ«ተርሚኔተር 2» ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን ግን በዚህ አይስማማም። በመጋቢት 2024 «ኤሊየንስ»፣ «ዘ አቢስ» እና «ትሩ ላይስ» የተባሉት ፊልሞቹ በ4ኬ ዲስክ ወጡ። ለ«አቢስ» አድናቂዎች የሰርግ ቀን ሊሆን ይገባ ነበር። ያ የ1989 ፊልም፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሳያልቅ በቀረ የኒውክሌር ጣቢያ ታንክ ውስጥ በብዙ ስቃይ የተቀረጸው ፊልም፣ ከዚያ በፊት በብሉሬይ ወጥቶ አያውቅም። ለዓመታት የነበረው ለሰፊ ስክሪን ያልተዘጋጀ አሮጌ ዲቪዲ ብቻ ነው። እና ሲመጣ በሰው ሰራሽ አስተውሎት ተጠርጎ፣ ተስሎ፣ ተለስልሶ መጣ። ስራው የተሰራው ኒውዚላንድ ባለው የፒተር ጃክሰን ስቱዲዮ ነው። አድናቂው ምስሉን እያቆመ መመርመር ጀመረ። ጸጉሩ ተጣብቋል፣ የሩቅ ሰዎች ፊት ተዛብቷል፣ ሽብሽቡ ደግሞ ከሰው ቆዳ ይልቅ በመርፌ የተሳለ ይመስላል።

ካሜሮን ሲጠየቅ ግሬን የሚመረምሩ ሰዎች ከእናታቸው ምድር ቤት ወጥተው ሰው ይተዋወቁ የሚል መልስ ሰጠ። ይሄ መልስ አልጣመኝም። ሰዎቹ ያንተን ፊልም ከራስህ በላይ በጥንቃቄ ስላዩ ነው የምትሰድባቸው? ግን ደግሞ ሰውዬው ለዓመታት «ኤሊየንስ» የተቀረጸበት ጥሬ ፊልም ግሬኑ በዝቶበት ሲማረር ኖሯል። ያኔ ቴክኖሎጂው ቢኖረው ኖሮ ያኔውኑ ያጠፋው ነበር። ስለዚህ ውሸታም አይደለም። የኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፦ «አቢስ» ይታያል፣ ውኃው ውስጥ ያሉት ትዕይንቶች እንዲያውም ያምራሉ። «ኤሊየንስ» ላይ ዓይኔ ይዋጋል። «ትሩ ላይስ» አልሆነም። የ«ኤሊየንስ» የድሮ ብሉሬይ ያላችሁ አትጣሉት።

የአድናቂውም ነገር ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በ2018 «2001» የተባለው የኩብሪክ ፊልም ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ዲጂታል ያልነካው የ70 ሚሊ ሜትር ኮፒ አስወጣ። «ስዕሉ ቢጫ ሆነ!» ተባለ። በዚያው ዓመት 4ኬ ዲስኩ ሲመጣ ቀለሙ ሌላ ሆነ፤ እሱም ሌላ ጭቅጭቅ ወለደ። የሚከራከሩት አብዛኞቹ በ1968 ሲኒማ ቤት አልነበሩም። የሚያስታውሱት ሌላ ዲስክን ነው። ይባስ ብሎ ኩብሪክ ራሱ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ በኋላ አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆርጦ አውጥቷል። ያንን አስራ ዘጠኝ ደቂቃ መልሱልን የሚል ሰው ለማን ነው የሚሟገተው?

የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ፊልሙ በጥር 1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ ተቆራረጠ፤ የተቆረጠውም ጠፋ ተባለ። በ2008 ቦነስ አይረስ የሚገኘው የሲኒማ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ሊባል የሚችል የ16 ሚሊ ሜትር ኮፒ ተገኘ። ኮፒው ተቦጫጭሯል፣ ጠርዙም ተቆርጧል። በ2010 ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተጨምሮበት ታየ። አዳሾቹ ጭረቱን መጥረግ የቻሉትን ያህል ጠረጉ፣ የቀረውን ተዉት። በዲስኩ ላይ የተመለሱት ትዕይንቶች ሲመጡ ዝናብ በሚመስል ጭረት ይታወቃሉ። በሰው ሰራሽ አስተውሎት አስውቡት የሚል ጥያቄ ነገ መምጣቱ አይቀርም። ከመጣም ይሞክሩት፤ የ2010ሩን ግን አጠገቡ ያስቀምጡት።

ስለ ዲስክ ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ቤት ፊልሙን የሚያበላሸው ሉካስም ካሜሮንም አይደሉም። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ቅንብር በርቶባቸው ነው የሚመጡት። በሃያ አራቱ ፍሬሞች መሃል የራሱን ፍሬም እየፈጠረ ይጨምርና ማንኛውንም ፊልም የቲቪ ድራማ ያስመስለዋል። ስሙ በየፋብሪካው ይለያያል፤ የምስል ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት። በቀደም አጎቴ ቤት «ብሌድ ረነር»ን ልናይ ስንል ሳላስፈቅድ አጠፋሁት። እሱ ግማሽ ሰዓት ታገሰና «ኳሱንም እንዲህ ሊያደርግብኝ ነው?» ብሎ መልሶ አበራው። ሪሞቱ የሱ ነው፣ ምን ይባላል።